ተማሪያችሁን ወደ ክሮሞሶም ጉባኤ ስትልኩ፦ ከማመልከቻ እስከ ደረሰኝ

ተማሪ ውጭ አገር ጉባኤ ደርሶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ባጅና ፎቶ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። አማካሪው ቲኬት ካስቆረጠ በኋላ «በል በርታ» ብሎ ስለተወው ነው።

ይህ መመሪያ ለአማካሪዎች፣ ለላብራቶሪ ኃላፊዎችና መንገዱን ቀድመው ለሄዱ ታላላቆች ነው። ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ አማካሪያችሁ ቡና ሲጠጣ ጠብቃችሁ አሳዩት።

የማወራው ስለ ክሮሞሶም ባዮሎጂ ነው፤ ሚዮሲስ (የዘር ሴሎች የሚፈጠሩበት ክፍፍል)፣ ሴንትሮሜር (የክሮሞሶሙ ወገብ)፣ ኪኔቶኮር (ክሮሞሶሙ የሚጎተትበት መያዣ)፣ ክሮማቲን (ዲኤንኤ ከፕሮቲን ጋር የተጠቀለለበት)፣ ኮሂሲን (የተባዙትን ክሮሞሶሞች የሚያያይዝ ፕሮቲን) ስለሚባሉት ነገሮች። መስኩ ትንሽ ነው። ማን ከማን ላብራቶሪ እንደወጣ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አዲስ የሚመጣ ሰው ዘመድ ሳይኖረው ሠርግ ቤት እንደገባ እንግዳ ነው። ማንም አያስወጣውም። ማንም ግን «ና እዚህ ተቀመጥ» አይለውም። የእናንተ ሥራ ያንን ዘመድ መሆን ነው። ገንዘቡንም መፈለግ አለባችሁ፤ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎድለው የእናንተ ጊዜና የእናንተ ስም ነው።

ጉባኤ በዚህ መስክ ትልቅ ነገር ነው። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሰው ልጅ 48 ክሮሞሶም አለው ይባል ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆ ሂን ቲዮ እና አልበርት ሌቫን 46 መሆኑን በ1956 አሳተሙ። በዚያው ዓመት ኮፐንሃገን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሰው ጄኔቲክስ ጉባኤ ፎቶዎቹ ለእይታ ቀረቡ። የተጠራጠረ ቀርቦ ራሱ ቆጠረ። ክሮሞሶሞቻችን 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ የሚጠሩበት ሥርዓትም የወጣው በ1960 ዴንቨር ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው።

ደረጃ 1፦ ትንሽ ጉባኤ ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄድ ተማሪ ሺዎች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ አይሆንም። አዳራሽ ስትፈልግ ቀኑ ያልቃል። ሁሉም አንድ አዳራሽ የሚቀመጥበት፣ አንድ ቤት የሚበላበት ይሻላል።

ሚዮሲስ ላይ ለምትሠራ ሁለት ዋና ዋና ጉባኤዎች አሉ፤ አሜሪካኖቹ የሚያዘጋጁት የጎርደን ጉባኤና የኤምቦ (የአውሮፓ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ድርጅት) ወርክሾፕ። እንደ ልማዱ በየዓመቱ ይፈራረቃሉ። ሴንትሮሜርና የክሮሞሶም እንቅስቃሴ ላይም የጎርደን ጉባኤዎች አሉ። ክሮማቲን ላይ ከሆነች ጀርመን፣ ሃይደልበርግ ያለውን የኢኤምቢኤል (የአውሮፓ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ላብራቶሪ) ጉባኤ ተመልከቱ። ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ያለው ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላብራቶሪም በኒውክሊየስ አደረጃጀት ላይ ስብሰባ ያዘጋጃል። ሆስፒታል ውስጥ ክሮሞሶም ለሚያነብ ባለሙያ ደግሞ የአውሮፓ ሳይቶጄኔቲሲስቶች ማኅበር ጉባኤ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጎርደን ነው የምመርጠው። ብዙዎቹ በኒው ሃምፕሸርና በሜይን ባሉ ትናንሽ ኮሌጆች፣ ተማሪ ዕረፍት ሲወጣ በክረምት ይካሄዳሉ። ሰው ብዙውን ጊዜ ከ200 አይበልጥም። ጠዋትና ማታ ንግግር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነው። ማደሪያውም ምግቡም ከመመዝገቢያው ክፍያ ጋር ይታሰባል። ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ጉባኤዎች ዋናው ከመጀመሩ በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ ለተማሪዎችና ለፖስትዶኮች (ከፒኤችዲ በኋላ በሰው ላብራቶሪ ለሚሠሩ) ብቻ የሚሆን ጎርደን ሴሚናር አላቸው። ተማሪዋ መጀመሪያ እዚያ ገብታ ከእኩዮቿ ጋር ትተዋወቃለች። እሑድ ማታ ትልልቆቹ ሲመጡ ቢያንስ አብረዋት እራት የሚበሉ ሰዎች አሏት። ሴሚናር ካለ ያለ እሱ አትላኳት።

ደረጃ 2፦ ማመልከቻና ገንዘብ

የጉዞ ድጋፍ የሚሰጠው ባብዛኛው ሥራዋን ለምታቀርብ ሰው ነው። ስለዚህ የሁሉ ነገር መጀመሪያ አብስትራክት (የሥራዋ አጭር ማጠቃለያ) ነው። ገና ያላለቀ ውጤት ቢሆንም ይግባ። «ትንሽ ይቆይ፣ አንድ ሙከራ ቀርቷል» የሚል አማካሪ ስንቱን ተማሪ አስቀርቷል መሰላችሁ!

የማስገቢያውን ሰዓት ልብ በሉ። የመካከለኛው አውሮፓ መደበኛ ሰዓት (ሲኢቲ) 11፡59 ምሽት ማለት አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ወይ ኢንተርኔት ሊጠፋ የሚችለው በዚያች ሰዓት ነው። አንድ ቀን አስቀድሞ ይላክ።

ስሟንም ቀድማችሁ አስተካክሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ግን ይጠይቃል። አንዱ ሰነድ ላይ የአባቷን፣ ሌላው ላይ የአያቷን ስም ብትሞላ ኤምባሲ ላይ ሁለት ሰው ትሆናለች። ምዝገባውም፣ የግብዣ ደብዳቤውም፣ ቲኬቱም ልክ እንደ ፓስፖርቷ ይሁን። አብስትራክቱ ላይ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በምታሳትምበት ስም ትጻፍ።

ገንዘብ ለማግኘት መጀመሪያ አዘጋጆቹን ጠይቁ። ጎርደን ለየጉባኤው ሊቀመንበር የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ አለ፤ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። አጭር ኢሜይል ይበቃል። ኤምቦና ኢኤምቢኤል የጉዞ ድጋፍ አላቸው። ልጅ ላላት ተማሪ የሕጻን እንክብካቤ ድጋፍም ይሰጣሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ስለዚህ ንገሯት። የአሜሪካና የእንግሊዝ የጄኔቲክስ ማኅበራት ለወጣት አባሎቻቸው የጉዞ ገንዘብ ይሰጣሉ። አባልነት አስቀድሞ ስለሚጠየቅ ዛሬውኑ ትመዝገብ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ድጋፍ የሚሰጠው ተመላሽ ሆኖ ነው፤ መጀመሪያ ከኪስሽ ክፈይ፣ በኋላ እንመልስልሻለን ነው ነገሩ። አዲስ አበባ ወይ ጎንደር ላለች የፒኤችዲ ተማሪ ይህ ድጋፍ አይደለም። ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ታምጣ? ስለዚህ ደብዳቤውን እናንተ ጻፉ፤ «ክፍያው በቀጥታ ከእናንተ ዘንድ ይሁን፣ ቲኬቱንም እናንተው ቁረጡ» በሉ። ስትጠየቁ እሺ የሚሉ አዘጋጆች ብዙ ናቸው። እሷ ለመጠየቅ ታፍራለች። እናንተ ግን ምን ያሳፍራችኋል?

ደረጃ 3፦ ቪዛ

እቅዱ ከዚህ ወደ ኋላ ይቆጠር። ለሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኤፕሪል 2024 ላይ ባሳለፈው ውሳኔ 45 ቀን ሆኗል። በዚያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል፤ ከሰነዶች መካከል የሚታለፍ ነገርም የለም። ስታመለክቱ ደንቡ እንዳልተለወጠ እንደገና አጣሩ። ቀጠሮ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ደግሞ ከ45 ቀኑ በፊት የሚታሰብ ነው። የጉዞ ጤና መድንም ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም።

የግብዣ ደብዳቤው «ብትመጣ ደስ ይለናል» ብቻ ካለ አይረባም። ቆንስላው ማን ምን እንደሚከፍልና ለምን እንደምትመለስ ማወቅ ይፈልጋል። የእናንተ ደብዳቤ እንዲህ ይበል፦

«ተማሪዬ በዚህ ጉባኤ ላይ በጤፍ ሚዮሲስ ላይ የሠራችውን ሥራ በፖስተር ታቀርባለች። የመመዝገቢያ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪዋን አዘጋጆቹ ይሸፍናሉ። የአውሮፕላን ቲኬቷን ዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። የሦስተኛ ዓመት የፒኤችዲ ተማሪ ስትሆን፣ በተመለሰች በሳምንቱ የመስክ ሥራዋ ይጀምራል።»

ይኸው ነው። ቁጥርና ቀን ያለበት፣ ውዳሴ ያነሰበት።

አሜሪካ ለሚሄድ የቢ-1 (ለጉባኤና ለሥራ ጉዳይ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ቪዛ) ማመልከቻ ክፍያ 185 ዶላር ሲሆን ቢከለከልም አይመለስም። ይህን 185 ዶላር ከተማሪ ኪስ ማስወጣት ነውር ነው፤ ከድጋፉ በጀት ውስጥ አስገቡት። ቪዛው ሳይወጣም ቲኬት አይቆረጥ፤ ቦታ ማስያዝ ይበቃል።

አሜሪካ ሆነው አውሮፓ ለሚሄዱ ልጆችም አንድ ነገር ልበል። ፓስፖርት ላይ ያለው የኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ጊዜው ካለፈ፣ አሜሪካ ውስጥ መማር አይከለክልም። ከወጡ በኋላ ለመመለስ ግን አዲስ ቪዛ ያስፈልጋል። አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የተማሪነት ሰነድ) ላይ ያለው የጉዞ ፊርማም ይታይ። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ማነጋገር ግድ ነው። አማካሪ «ችግር የለም ሂጂ» ሊል አይችልም፤ የሱ ሥልጣን አይደለም።

ቪዛው ቢከለከልስ? ይህንን አስቀድማችሁ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋገሩ። ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ሌላ ሰው ፖስተሩን ሊሰቅልላት ይችላል ወይ? ድጋፉ ለሚቀጥለው ጊዜ ይተላለፋል ወይ?

ደረጃ 4፦ ፖስተሩ

ክሮሞሶም ባዮሎጂ የሥዕል ሳይንስ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያየው የማይክሮስኮፕ ምስላችሁን ነው። ስለዚህ ተማሪዋ ጽሑፍ ትቀንስና ምስሉን ታሳድገው። ባብዛኛው የሚጠየቀው መጠን ኤ ዜሮ ነው፤ 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር። ቁመቱ ይሁን ወርዱ የሚረዝመው የሚለውን ከመመሪያው ታረጋግጥ፤ ሰሌዳው ጠባብ ከሆነ ፖስተሩ ግማሹ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ጨርቅ ላይ ቢታተም ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ምስሉ ላይ የሚታዩ ስህተቶች ሁሌ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀይና አረንጓዴ አብሮ ይቀመጣል፤ ሁለቱን ቀለማት መለየት የሚቸገሩ ወንዶች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። በቀይ ፋንታ ማጀንታ ትጠቀም። እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው በጥቁርና ነጭ ታሳይ፤ የተደራረበው መጨረሻ ላይ ይምጣ። መለኪያ መስመሩ አይረሳ። ከሥሩም ስንት ሴል ከስንት ተክል ወይም እንስሳ እንደተቆጠረ ይጻፍ። 200 ሴል ከአንድ ተክል ተቆጥሮ «200 ናሙና» ሲባል የሚሰማ ሰው ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም።

አሁን ንግግሩ። አንድ ሰው ፖስተሩ ፊት ቆሞ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲላት ብዙ ተማሪ እንዲህ ይጀምራል፦ «ሥራዬ በጤፍ የሚዮሲስ ክሮሞሶም ጥንድነት ላይ የተደረገ የሞለኪውላር ሳይቶጄኔቲክስ ጥናት ነው።» ሰውየው ቡናውን ይመለከታል።

እንዲህ ብትልስ? «ጤፍ 40 ክሮሞሶም አላት። ግማሹ ከአንድ ወላጅ ዝርያ፣ ግማሹ ከሌላ የመጣ ነው። ሁለቱ ወገኖች በጣም ይመሳሰላሉ። ሚዮሲስ ላይ ግን እያንዳንዱ ክሮሞሶም የራሱን ጥንድ ብቻ ነው የሚይዘው። ስንዴ ላይ ይህን የሚያግዝ ፒኤች1 የሚባል የክሮሞሶም ቦታ እንዳለ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ጤፍስ እንዴት ትለያለች? ይኸው ይህን ምስል ተመልከት።» ከዚህ በኋላ ሰውየው ራሱ ይጠይቃል።

በቦታው የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ግን መጀመሪያ በአማርኛ ለእናቷ ወይ ለወንድሟ ታስረዳ። እነሱ ከገባቸው እንግሊዝኛው አይከብድም። ከዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ እናንተው ጠይቋት። «ይህ አንቲቦዲ አረቢዶፕሲስ ለሚባለው የላብራቶሪ ተክል የተሠራ ነው፤ ጤፍ ላይ እንደሚሠራ በምን አወቅሽ?» «ኮንትሮልሽ የት አለ?» «ይህ የሚዮሲስ ደረጃ ዚጎቲን ነው ወይስ ፓኪቲን፣ በምን ለየሽው?» ጨከን በሉ። እዚያ ከምትደነግጥ እዚህ ብትደነግጥ ይሻላል። «እሱን ገና አልሞከርንም» ማለትም ሙሉ መልስ መሆኑን አስተምሯት።

ደረጃ 5፦ ከመሄዷ በፊት አስተዋውቋት

ከሁሉ ደረጃ የሚዘለለው ይህ ነው። የተናጋሪዎችን ዝርዝር አብራችሁ ተመልከቱና ከአምስት ያልበለጡ ሰዎች ምረጡ። ሁሉም ታላላቆች አይሁኑ። ሁለቱ ፖስትዶኮች ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ጊዜ ያላቸው እነሱ ናቸው፣ ነገ የራሳቸውን ላብራቶሪ የሚከፍቱም እነሱ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው እናንተ ራሳችሁ ጻፉ። «ጎበዝ ተማሪ አለችኝ፣ ብታገኟት ደስ ይለኛል» የሚል ኢሜይል ማንም አያስታውስም። «ፖስተሯ ላይ ክሮሞሶሞቹ ሳይጣመሩ የቀሩባቸው ሴሎች ምስል አለ፤ ካንተ የስንዴ ሚውታንት ጋር ይመሳሰላል፣ አይተህ ንገራት» የሚል ግን ሰውየውን ፖስተሩ ድረስ ይጎትተዋል።

እናንተ የማታውቁት ሰው ከሆነ ውጭ ያለ አበሻ ተመራማሪ ፈልጉ። እናንተ ውጭ ያላችሁ ደግሞ የተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ የአበሻ ስም ስታዩ ቀድማችሁ ጻፉ። «ስትመጪ እራት አብረን እንበላለን» ማለት ወጪ የለውም።

ደረጃ 6፦ እዚያ ስትደርስ

ምግብ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። የጎርደን ጉባኤዎች በብዛት የሚካሄዱበት ወቅት ከሰኔ ጾምና ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። የሰኔው እስከ ሐምሌ 5፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ስትመዘገብ ምግብ የሚለው ቦታ ላይ «ቪጋን» ብላ ትሙላ፤ የጾም ምግብ ማለት በእነሱ ቋንቋ እሱ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት የማትበላ ከሆነ ምሳዋን በዕቃ እንዲያስቀምጡላት ትጠይቅ። ሐላል ለሚፈልግም እንደዚሁ አስቀድሞ ነው። ምግቧ ከተስተካከለ ማዕድ አትርቅም። የሚወራው ደግሞ ማዕድ ላይ ነው።

ማታ ፖስተር ካለቀ በኋላ ሰዉ መጠጥ ይዞ ይቆማል። የማትጠጣ ከሆነ ለስላሳ ይዛ ትቁም፤ ብርጭቆዋ ውስጥ ያለውን የሚመረምር የለም። በየቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት መቆየት ግን አይጠበቅባትም።

ጥያቄ መጠየቅ ለእኛ ልጆች ይከብዳል። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል ተብለን ነው ያደግነው። አንድ ዘዴ አለ፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ እንድትጠይቅ ተስማሙ፣ አጭር ትሁን፣ ወረቀት ላይ ጽፋ ታንብባት። ከዘገየች እጇ ይበልጥ ይከብዳታል። አዳራሽ ውስጥ ካልሆነላት ተናጋሪውን በዕረፍት ሰዓት ታግኘው። እዚያ ሰዉ በስሙ ነው የሚጠራራው፤ «ፕሮፌሰር» ብትልም የሚከፋው የለም።

ስለ ደኅንነትም በግልጽ ተናገሩ። የማይመች ንግግር ወይም ትንኮሳ ቢደርስባት ለማን እንደምትደውል ከመሄዷ በፊት ትወቅ። ጉባኤዎቹ የሥነ ምግባር ደንብና አቤቱታ ተቀባይ አላቸው። የእናንተም ስልክ ሌሊትም ቢሆን ክፍት ይሁን። «ታዋቂ ሰው ነው፣ ተይው» የሚል አማካሪ ተማሪ ባይልክ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ምን ይነገር፣ ምን አይነገር

የትኛው ውጤት እንደሚታይ አብራችሁ ወስኑ። ጎርደን ላይ የቀረበ ነገር ፎቶ አይነሳም፣ ከጉባኤው ውጭ አይጠቀስም፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ያም ሆኖ ሰው የሰማውን አይረሳም። ስጋት ካለ አስቀድሞ ባዮአርካይቭ (ገና በመጽሔት ያልታተመ ጥናት የሚወጣበት ድረ ገጽ) ላይ ማውጣት ነው። ብቻ «ምንም እንዳትናገሪ» ብላችሁ አትላኳት፤ እንዲያ ከሆነ ለምን ትሄዳለች?

ሌላው ዘር ነው። እዚያ የምታገኘው ሰው «ትንሽ የጤፍ ዘር ብትልኪልኝ» ሊላት ይችላል። በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን የአገራችን የጄኔቲክ ሀብት የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት፣ በፈቃድ ነው። የሚጠየቀውም የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ያወጣው የጤፍ ፓተንት ሄግ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ውድቅ የተደረገበት ታሪክ ገና ትኩስ ነው። ለቡናም፣ ለእንሰትም ያው ነው። መልሷ ዝግጁ ይሁን፤ «በደስታ፣ ግን በፈቃድ ነው የምንልከው፤ ከአማካሪዬ ጋር ላገናኝህ።» ሻንጣ ውስጥ በኤንቨሎፕ የሚገባ ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ ስትመለስ

አንድ ቀን ትረፍ። ከዚያ በዚያው ሳምንት ተቀመጡና ሦስት ነገር ጠይቋት፤ ማንን አገኘሽ፣ ምን ተባልሽ፣ የትኛውን ሙከራ እንቀይር? የመጨረሻው ጥያቄ የእናንተም ፈተና ነው። ፖስተሯ ፊት ሦስት ሰው ኮንትሮሉ አይበቃም ካላት፣ «እነሱ አልገባቸውም» ብላችሁ አትለፉት። ላብራቶሪው ፊት ቆማ የሰማችውን ታቅርብ፤ ያልሄዱትም ይማሩ። ያነጋገሯትን ሰዎች የምታመሰግን ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይሁን፤ ወር ካለፈ ስሟን ለማስታወስ ይቸገራሉ።

ለሚቀጥለው ጎርደን ሴሚናር ሊቀመንበር የሚመረጠው ከተሳታፊዎቹ መካከል ነው። ለመወዳደር አስባ ከሆነ ደግፏት። ላብራቶሪ ጎብኝታ የመሥራት ዕድል ካገኘችም ዘ ካምፓኒ ኦፍ ባዮሎጂስትስ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ድጋፍ ስላለው እዚያ ታመልክት።

በመጨረሻ ደረሰኝ። የአውሮፕላን መሳፈሪያ ካርዷን፣ የአውቶቡስ ቲኬቷን፣ የቪዛና የመድን ደረሰኞቿን በስልክ ፎቶ አንስታ በአንድ ፋይል ትያዝ። ተመላሽ ገንዘብ ካለ የመጠየቂያው ቀነ ገደብ አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ክፍል «ኦሪጅናሉን አምጪ» ካላት ደግሞ አብራችሁ ውረዱ። ተማሪ ብቻዋን ስትሄድ «ነገ ነይ» ይሏታል፤ ዶክተሩ አብሮ ከቆመ ፊርማው በዚያው ቀን ይገኛል።